የጌጣጌጥ ማዕድናት ስያሜ እና በግብይት ያለው ፋይዳ

አንድ የጌጣጌጥ ማዕድን በገበያ ላይ ሦስት ስሞችን ሊይዝ ይችላል፤ እነዚህም የማዕድኑ ሳይንሳዊ ስም፣ የንግድ ስሙ እና የተገኘበት ቦታ ስም ናቸው። በአዲስ አበባ ቦሌ መንገድ የሚገኘው ወሎ ሰፈር ስሙን ከወሎ ጋር እንደሚጋራ ሁሉ፣ በዓለም ገበያ የታወቀው «የወሎ ኦፓል»ም በወሎ ይጠራል። ገዢም ሆነ ሻጭ እነዚህን ስሞች ለይቶ ማወቁ ካልተገባ ኪሳራ ይጠብቀዋል።

1. ሳይንሳዊ ስም

ሳይንሳዊ ስም የሚወሰነው በማዕድኑ ኬሚካዊ ይዘትና ውስጣዊ አወቃቀር ነው። አዲስ የሚገኝ ማዕድን ስም የሚጸድቀው እ.ኤ.አ. በ1959 በተቋቋመው የዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ኮሚሽን አማካይነት ነው። ቀይ ሩቢና ሰማያዊ ሳፋየር በስም ቢለያዩም ሁለቱም ኮረንደም የተባለ አንድ ማዕድን ናቸው፤ የሚለያቸው ቀለም ነው።

2. ከጥንት የተወረሱ ስሞች

በአማርኛ መጻሕፍት የምናገኛቸው መረግድና ሰንፔር ምንጫቸው የግሪክኛ ቃላት ናቸው። መረግድ ዛሬ ኤመራልድ የምንለው ነው። በጥንት ዘመን ሰንፔር ይባል የነበረው ግን የዛሬው ሳፋየር ሳይሆን ላፒስ ላዙሊ የተባለው ሰማያዊ ድንጋይ እንደነበር ይታመናል። ስም ጸንቶ ሲቆይ የሚያመለክተው ድንጋይ ሊለወጥ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

3. የንግድ እና የቦታ ስም

እ.ኤ.አ. በ1967 በታንዛኒያ የተገኘው ሰማያዊ ዞይሳይት በቀጣዩ ዓመት ቲፋኒ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ታንዛናይት» ተብሎ ለገበያ ቀርቧል። በአገራችንም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በመንዝ የተገኘው ኦፓል «የሸዋ ኦፓል»፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ደግሞ «የወሎ ኦፓል» ተብሏል። የሸዋው በአብዛኛው ቡናማ መደብ ሲኖረው፣ የወሎው ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ብርሃን አስተላላፊ ነው።

የቦታ ስም መነሻን ይገልጻል እንጂ ለጥራት ማረጋገጫ አይሆንም።

4. በግብይት ወቅት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ሀ) አረንጓዴ ቢረሌ ሁሉ ኤመራልድ አይደለም። በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ እንደሚመረተው ኤመራልድ፣ ቀለሙ ከክሮሚየም ወይም ከቫናዲየም የመነጨ ሊሆን ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ከሽያጭ በፊት በባለሙያ ማስመርመር ይመከራል።

ለ) አብዛኛው የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጣል። ውኃ ሲገባው የቀለም ጨዋታው ለጊዜው ሊደበዝዝ፣ ሲደርቅም ሊመለስ ይችላል። በዚሁ ጠባዩ ምክንያት በቀለም ወይም በጭስ ማጥቆር ይቻላል። በዚህ መንገድ የጠቆረ ድንጋይ ሕክምናው ሳይገለጽ «ጥቁር ኦፓል» ተብሎ መሸጥ የለበትም።

ሐ) በሽያጭ ደረሰኝ ላይ የማዕድኑ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ክብደቱ እና ሕክምና የተደረገለት ወይም ያልተደረገለት መሆኑ ተለይቶ እንዲጻፍ ይጠይቁ። አለመግባባት ቢፈጠር፣ የተሸጠው ድንጋይ ምን ተብሎ እንደተሸጠ የሚያስረዳው ይህ ሰነድ ነው።