ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች ማዕድ ቤት እንዴት ይታቀዳል?

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ የሚገነቡ የአፓርታማ ማዕድ ቤቶች በአመዛኙ የሚታሰቡት ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ቆሞ ለሚያበስል፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ዕቃ ለሚያወርድ፣ የፈላ ድስት በሁለት እጁ አንሥቶ ሁለት እርምጃ ለሚራመድ ሰው። የሥራ ጠረጴዛው (ካውንተሩ) ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በተሽከርካሪ ወንበር (በዊልቸር) ለተቀመጠ ሰው ይህ ከፍታ ደረት አካባቢ ይደርሳል። ሽንኩርት ለመክተፍ ክርኑን ወደ ላይ መስቀል፣ ድስት ውስጥ ያለውን ለማየትም አንገቱን ማስገግ ግድ ይሆንበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዊልቸር እንደሚያስፈልጋቸው ይገምታል። ለእነዚህ ሰዎች የማዕድ ቤት አሠራር ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። የራሱን ምግብ ማብሰል የሚችል ሰው በራሱ ቤት፣ በራሱ ሰዓት ይኖራል፤ የማይችል ሰው ግን ሌላው እስኪመጣለት ይጠብቃል።

ማዕድ ቤቱን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ከውድ መሣሪያ በፊት የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ትክክለኛ ልክና ትክክለኛ ቅደም ተከተል። ልኩ የሚወሰደው ከተጠቃሚው ሰውነትና ከወንበሩ ነው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ትኩስ ነገር ጭን ላይ እንዳይቀመጥ ተደርጎ ይታቀዳል።

ተቀምጦ መሥራት አዲስ አይደለም

በኢትዮጵያና በኤርትራ ባህላዊ ማዕድ ቤት ብዙው ሥራ ሲሠራ የኖረው ተቀምጦ ነው። በጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት የሚማሰለው፣ ሽንኩርት የሚከተፈው፣ ቡና የሚቆላውና የሚፈላው በርጩማ ላይ ተቁመው ሳይሆን ተቀምጠው ነው። ስለዚህ ችግሩ ከመቀመጥ አይመነጭም፤ ከከፍታ አለመጣጣም እንጂ።

የዊልቸር መቀመጫ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የተቀመጠ ሰው ወለል ላይ ያለ ምድጃ ለመድረስ ወደ ፊት አጎንብሶ መንጠልጠል ይኖርበታል፤ ሚዛኑን ስቶ ወደ እሳቱ ሊወድቅም ይችላል። ለቆመ ሰው የተሠራው ጠረጴዛ ደግሞ ከፍ ይልበታል። የዊልቸር ተጠቃሚ ማዕድ ቤት የሚያርፈው በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ማዕድ ቤትን በልክና በእንቅስቃሴ ጥናት ማቀድ የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። እ.አ.አ በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ማዕድ ቤት የዘመናዊው ማዕድ ቤት መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ገደማ ነበር። ጠባብነቱ እርምጃን ለመቆጠብ ታስቦ የተደረገ ሲሆን፣ ተቀምጦ ለመሥራት የሚሽከረከር በርጩማም ነበረው። ሆኖም 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠረጴዛ በአንድ ወገን ብቻ ቢቀመጥበት እንኳ ለመተላለፊያ የሚቀረው 1.3 ሜትር ነው፤ ይህም ዊልቸር ለማዞር አይበቃም።

አሜሪካዊቷ መሐንዲስ ሊሊያን ጊልብሬዝ በበኩሏ በማዕድ ቤት የሚባክነውን ጉልበት ስታጠና ቆይታ፣ ኋላ ላይ ለልብ ሕሙማንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሆኑ ማዕድ ቤቶችን በማቀድ ሥራ ተሳትፋለች። በልጅነቱ በፖሊዮ ተይዞ ዊልቸር ይጠቀም የነበረው አሜሪካዊው አርክቴክት ሮን ሜስ ደግሞ ሁሉንም ሰው ያካተተ ንድፍ የሚለውን አስተሳሰብ በስፋት አስተዋውቋል። አስተሳሰቡ ቤትና ዕቃ ከመነሻው በተቻለ መጠን ለሁሉም ሰው እንዲያገለግል ሆኖ ይሠራ የሚል ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን መለካት

እ.አ.አ በ2010 የወጣው የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት ለመነሻ የሚሆኑ ቁጥሮችን ይሰጣል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• ዊልቸር ሙሉ በሙሉ ለማዞር ዲያሜትሩ 152 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነፃ ክብ ቦታ ያስፈልጋል።

• በር ሲከፈት የሚገኘው ነፃ ማለፊያ ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።

• የሥራ ጠረጴዛና የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ከ86 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለባቸውም።

• ከጠረጴዛው ሥር ጉልበት የሚገባበት ክፍት ቦታ ቢያንስ 68 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍታና 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል።

• ከፊት የሚከለክል ነገር በሌለበት እጅ የሚደርስበት ከፍታ ከ38 እስከ 122 ሴንቲ ሜትር ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለብዙኃኑ የተዘጋጁ ናቸው። ቤቱ ለአንድ የታወቀ ሰው የሚታነጽ ወይም የሚታደስ ከሆነ ግን የዚያን ሰው ልክ መውሰድ ይበልጣል። ተጠቃሚው በዘወትር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዘወትር የሚጠቀምበትን ትራስ ሳያወጣ፣ አራት ነገሮች ይለካሉ፦ ከወለሉ እስከ ጉልበቱ አናት፣ ከወለሉ እስከ ታጠፈ ክርኑ፣ ወደ ፊት የተዘረጋ እጁ የሚደርስበት ርቀት፣ እንዲሁም ወደ ላይ ያለ ጭንቀት የሚደርስበት ከፍታ። የመክተፊያው ገጽ ከክርኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከሥሩ ደግሞ ጉልበቱ ሳይነካ እንዲገባ ይደረጋል። ጠረጴዛው በወፍራም ኮንክሪት ከተሠራ ውፍረቱ ከጉልበት ቦታው ላይ ስለሚቀነስ፣ ቀጭንና ጠንካራ ገጽ ይመረጣል።

ድስቱ እንዲንሸራተት እንጂ እንዳይጫን

እግሩን ተጠቅሞ የሚራመድ ሰው ትኩስ ድስት በእጁ ይዞ ይሄዳል። ዊልቸሩን በእጁ የሚገፋ ሰው ግን እጆቹ በጎማው ላይ ስለሆኑ የሚቀረው ማስቀመጫ ጭኑ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የአከርካሪ ጉዳት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እግራቸው ላይ ሙቀትም ሆነ ሕመም አይሰማቸውም፤ ቃጠሎው ቆዳቸውን ጎድቶ ካለፈ በኋላ በዓይናቸው አይተው ሊያውቁት ይችላሉ።

መፍትሔው ማጠቢያውን፣ መክተፊያውን፣ ምድጃውንና ማቅረቢያውን በአንድ ወጥ ከፍታ፣ ሳይቋረጥ በሚቀጥል ጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ ነው። ውኃ የተሞላው ድስት ከማጠቢያው ወደ ምድጃው፣ የበሰለው ወጥ ከምድጃው ወደ ማቅረቢያው ሳይነሣ በገጹ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። በመካከሉ ፍሪጅ ወይም በር ከገባ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ጭን ላይ መጫንም ይመለሳል።

የንድፍ መጻሕፍት ፍሪጅ፣ ማጠቢያና ምድጃ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ፣ የሦስቱ ርቀት ድምርም ከ4 እስከ 8 ሜትር ገደማ እንዲሆን ይመክራሉ። ለቆመ ሰው ምክሩ መልካም ነው። ለዊልቸር ተጠቃሚ ግን እያንዳንዱ ማዕዘን ወንበሩን ወደ ኋላ መልሶ ማዞርን ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ወይም በአንድ ማዕዘን ብቻ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ይመረጣል። ጠረጴዛው ሦስት ግድግዳ የሚከብ ከሆነ በመካከሉ ቢያንስ 152 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ሊኖር ይገባል።

እሳትና ምጣድ

የምድጃው መቆጣጠሪያ ከፊት ወይም ከጎን መሆን አለበት፤ ከኋላ ከሆነ በእሳቱ ላይ እጅ መዘርጋትን ያስገድዳል። የእሳት ዓይኖቹ ከፊትና ከኋላ ከሚደረደሩ ይልቅ በአንድ መስመር ጎን ለጎን ቢሆኑ የኋላውን ድስት ለመድረስ በፊተኛው ላይ ማለፍ አይኖርም። ኢንዳክሽን የሚባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበልባል ስለሌለው ይመረጣል፤ ነገር ግን ማግኔት የሚስበው ብረት ድስት ብቻ ስለሚያሞቅ የሸክላና ተራ የአሉሚኒየም ድስት አይሠራበትም። የከሰል ምድጃ ደግሞ ዝቅ ያለ ከመሆኑም ሌላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚገድል ጭስ አልባ ጋዝ ይለቃል፤ ፈጥኖ መውጣት ለሚቸግረው ሰው አደጋው የከፋ ነው።

እንጀራ መጋገር የራሱ ፈተና አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተጠቃሚው በጎኑ ቀርቦ ቢጋግር ወገቡ ይጠማዘዛል፤ ከፊት ቀርቦ ጉልበቱን ከሥሩ ቢያስገባ ደግሞ ጭኑ ከጋለ ነገር በታች ይሆናል። አንዱ አማራጭ ምጣዱን በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከሦስት ወገን ሊቀርቡት ስለሚቻል የሩቁን ጠርዝ ለመድረስ ወንበሩን ማንቀሳቀስ ይበቃል፤ በጋለው ገጽ ላይ መንጠራራት አያስፈልግም። ከሥሩ ጉልበት የሚገባ ከሆነ እሳት የማይዘው መከላከያ ሰሌዳ፣ በመካከሉም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ያስፈልጋል። አነስ ያለ ምጣድ መምረጥም ይቻላል። ክዳኑ በማጠፊያ የተያያዘ ሆኖ እንፋሎቱን ከፊት አርቆ ወደ ኋላ የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል። የሊጡ ዕቃ በምጣዱ ጎን፣ በተመሳሳይ ከፍታ ይቀመጣል። ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለብቻው የተዘረጋ መስመር ያስፈልገዋል፤ በወለል ላይ የሚጎተት ማራዘሚያ ገመድ ለጎማም እንቅፋት ነው።

ውኃና ማስቀመጫ

የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ጥልቀት ከ15 ሴንቲ ሜትር ብዙ ካልበለጠ ከሥሩ ጉልበት ይገባል። የፍሳሽ ቱቦው ወደ ኋላ ግድግዳ ተጠግቶ መሠራት፣ የሙቅ ውኃ ቱቦም ቆዳ እንዳያቃጥል መሸፈን አለበት። የቧንቧው መክፈቻ በጣት ከሚጠመዘዝ ይልቅ በእጅ ጀርባም የሚገፋ ረጅም እጀታ ያለውና በገንዳው ጎን የተተከለ ቢሆን ይቀላል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞች ሌላም ጣጣ አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከዊልቸር ላይ ማንሣት አይታሰብም። በጠረጴዛው ከፍታ ላይ በጠንካራ ማቆሚያ የተቀመጠ፣ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ይህን ያቃልላል።

ከላይ የሚሰቀሉ ካቢኔቶች ብዙም አይጠቅሙም። በዘወትር የሚፈለገው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጨውና ዘይት እጅ በሚደርስበት ክፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ከታች ያሉት ደግሞ ከሚከፈት በር ይልቅ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ የሚሳቡ መሳቢያዎች ቢሆኑ ጥልቁ ውስጥ የተቀበረውን ዕቃ ለማውጣት ማጎንበስ አያስፈልግም።

አቅም ሲያንስ ከየት ይጀመር?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ለብዙዎች አይቻልም፤ በኪራይ ቤት ለሚኖሩ ደግሞ ግድግዳ ማፍረስ አይፈቀድም። እንዲህ ባለው ጊዜ ቅደም ተከተሉ ከአደጋው ይነሣል። በመጀመሪያ ምድጃው ከሚያበስለው ሰው ልክ ጋር በሚስማማ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ከጎኑም ድስት የሚንሸራተትበት ቦታ ይኑር። ቀጥሎ ከማጠቢያው ሥር ያለው የካቢኔት በር ይነቀል። የመክተፊያ ጠረጴዛ ከሌለ አንድ መሳቢያ ወደ ውጭ ስቦ በላዩ ሰፊ መክተፊያ ማጋደም ዝቅ ያለ የሥራ ገጽ ይፈጥራል፤ መሳቢያው ግን በቀላሉ የማይነቀል መሆን አለበት። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ትሪ ቀዝቃዛ ነገሮችን በጭን ለማጓጓዝ ያገለግላል። ለትኩስ ነገር ግን ጎማ ያለው ትንሽ ጠረጴዛ ይሻላል።

በርም አይረሳ። ከፍ ያለ ደፍ ወይም ወደ ውስጥ የሚከፈት ጠባብ በር ካለ ውስጡ ቢያምርም ጥቅም የለውም። በአዲስ አበባ በርካታ ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አሳንሰር ስለሌላቸው፣ ለዊልቸር ተጠቃሚ የማዕድ ቤቱ ጉዳይ የሚጀምረው ከሕንፃው መግቢያ ነው።

ሕግና ድጋፍ

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.አ.አ በ2006 ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም በ2010 ተቀብላዋለች። ስምምነቱ ተደራሽነትንና ራስን ችሎ በማኅበረሰብ ውስጥ መኖርን በመብትነት ያሰፈረ ነው። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ድንጋጌው የሕዝብ ሕንፃዎችን የሚመለከት በመሆኑ የግል ቤት ማዕድ ቤት በአብዛኛው ለባለቤቱና ለአናጢው የተተወ ነበር።

በውጭ የሚኖሩ አንባቢያን የተሻለ ዕድል ሊኖራቸው ይችላል። በእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደሮች ለቤት ማስተካከያ እስከ 30 ሺህ ፓውንድ የሚደርስ ድጎማ ይሰጣሉ፤ የአዋቂ አመልካች ገቢና ቁጠባ ግን ይታያል። በስዊድን ጥያቄው ለሚኖሩበት ማዘጋጃ ቤት ይቀርባል። በአሜሪካ ደግሞ የፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ አከራይ አካል ጉዳተኛ ተከራይ በራሱ ወጪ ተገቢ ማስተካከያ እንዳያደርግ መከልከል እንደማይችል ይደነግጋል።

የትም ቢሆን ለአናጢ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ፍተሻ ማድረግ ብዙ ገንዘብ ያድናል። የታሰበው ጠረጴዛ፣ ምድጃና ማጠቢያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ይሣል፤ ከፍታቸውም በካርቶን ሣጥኖች ይታይ። ከዚያ ተጠቃሚው በዊልቸሩ ገብቶ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ድስት ይዞ፣ አንድ ወጥ ከመሥራት እስከ ማቅረብ ያለውን ሥራ በሙሉ ይሞክረው። ድስቱ አንድ ጊዜ እንኳ ጭን ላይ ካረፈ ንድፉ ገና አላለቀም።