ሰፈር ሲቀጠል

«ዘ ሲምስ 2»ን የተጫወተ ሰው ቤላ ጎዝን አይረሳትም። ቀይ ቀሚስ፣ ረዥም ጥቁር ፀጉር፣ እመቤትነቷ ከሩቅ የሚያስታውቅ ሴት። ጌሙ ሲጀምር ግን የለችም። ፕሌዛንትቪው በሚባለው ሰፈር ባሏ ሞርቲመር አርጅቷል፣ ልጇ ካሳንድራ ለጋብቻ ደርሳለች፣ ትንሹ አሌክሳንደር ያለ እናት እያደገ ነው። ቤላን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን እንደወሰዷት ፍንጭ ይሰጠናል እንጂ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳን የለም። ከዚያ ስትሬንጅታውን የሚባለውን በረሃማ ሰፈር ስንከፍት፣ ቤላ ጎዝ የምትባል ሴት መንገድ ላይ ስታልፍ እናያለን። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ የድሮውን አታስታውስም።

ያኔ ብዙ ተጫዋች ያሰበው አንድ ነገር ነው፦ ሴትዮዋን ወደ ቤቷ እንመልሳት! አይቻልም። ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ ዲስክ ቢመጡም ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ሁለት ዓለሞች ናቸው። አንዱ ኤን001 በሚባል ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፣ ሌላው ኤን002 ውስጥ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስድ መንገድ የለም፣ ታክሲ የለም፣ ስልክ እንኳ አይገባም። እኔ እዚህ ልተርክ የተነሳሁት ሰዎች ያንን መንገድ እንዴት እንደፈለጉት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከእሳት ነው። በኦክቶበር 1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ በኦክላንድ ኮረብቶች ላይ የተነሳ ቃጠሎ የ25 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፣ ከ3000 በላይ መኖሪያም አወደመ። ቤታቸው ከተቃጠለባቸው አንዱ ዊል ራይት ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት በ1989 «ሲምሲቲ»ን ያወጣው ሰው። ቤቱን እንደገና ሲያቋቁም፣ ሰው ለመኖር በመጀመሪያ ምን ያስፈልገዋል፣ ማንኪያ ነው አልጋ፣ የሚለው ጥያቄ ያዘው። በዚያ ላይ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የሚባለውን የሥነ ሕንፃ ሊቅ ያነብ ነበር። አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ በ1977 ያሳተሙት «ኤ ፓተርን ላንጉጅ» የሚባል ወፍራም መጽሐፍ 253 ቅርጾችን ይዘረዝራል። ከአገርና ከከተማ ተነስቶ፣ በሰፈር በኩል አልፎ፣ እስከ መስኮትና መቀመጫ ድረስ ይወርዳል። 14ኛው ቅርጽ ስለ ሰፈር ነው። ሰፈር ማለት ሰው ለይቶ የሚያውቀው መሆን አለበት፣ ከ500 ሰው በላይ ሊኖርበት አይገባም ይላል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ የጌሙን ታሪክ ከኋላ ሳየው ሁሉም የተጣላው ከእሷ ጋር ይመስለኛል።

የመጀመሪያው «ዘ ሲምስ» በ2000 ወጣ። ሰፈሩ 10 ቦታ ብቻ ያለው አንድ ትንሽ መንደር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ተጨማሪ ክፍል ብዙ ሰፈር መክፈት ፈቀደ፣ ግን ያው እንዳልኳችሁ የማይገናኙ ደሴቶች ናቸው። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ2001 «ሆት ዴት» የሚባለው ሲወጣ ነው። ሰዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤታቸው ወጥተው መሀል ከተማ ሄዱ። እራት በሉ፣ ተጣሉ፣ ታክሲ ጠርተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ የመዝናኛ ደሴትም፣ የፊልም መንደርም፣ የአስማት መንደርም ጨመሩ። ከአስማት መንደሩ በቀር ግን ለመጎብኘት እንጂ ለመኖር አልነበሩም። አንድም ሰው መሀል ከተማ ቤት አልነበረውም።

«ዘ ሲምስ 2» በሴፕቴምበር 2004 ሲወጣ አንድ ለእኔ የሚገርመኝ ውሳኔ ይዞ መጣ። የሰፈሩ መሬት፣ ማለትም ኮረብታው፣ ወንዙና መንገዱ፣ የሚነበበው ከ«ሲምሲቲ 4» ፋይል ነው። ያ ጌም ያለው ሰው ትንሿን የከተማ መጠን መርጦ መሬቱን እንደፈለገ ይቆፍራል፣ መንገድ ይዘረጋል፣ ፋይሉን ወደ ሲምስ ፎልደር ይገለብጣል፣ አለቀ። የራሱ ሰፈር አለው። አንድ ኩባንያ ውስጥ ያሉ ሁለት ጌሞች እንዲህ ዓይነት በር ሲከፋፈቱ ከዚያ በኋላ ብዙም አላየሁም። ወጪ ለመቆጠብም ይሆናል የሠሩት፤ ተጫዋቹ ግን ካርታ ሠሪ ሆነ።

ከዚያ በ2005 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ በዚያው ዓመት በኋላ መሀል ከተማው፣ በ2006 የገበያ ሰፈሩ፣ በ2007 የዕረፍት ቦታዎቹ። እነዚህ ናቸው ንዑስ ሰፈር የሚባሉት። (ቃሉ የወረዳ ደብዳቤ ይመስላል፣ አውቃለሁ። የተሻለ አላገኘሁም።) ንዑስ ሰፈር ለብቻው አይቆምም፤ ከአንድ ዋና ሰፈር ጋር ይቀጠላል። ደግሞ ገደብ የለውም። የኩባንያውን መሀል ከተማ ቀጥለህ ስታበቃ ራስህ ባዘጋጀኸው ካርታ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መሀል ከተማ መቀጠል ትችላለህ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ አራት የገበያ ሰፈር፣ እንደ አቅምህ።

እንደ ሶፍትዌር ሠሪ የምወደው ቦታ እዚህ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ። ንዑስ ሰፈር ስትቀጥል የሚጨመረው መሬትና ቤት ነው። ሰዎቹ ግን በዋናው ሰፈር መዝገብ ነው የሚመዘገቡት። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥርና የራሱ ፋይል አለው። ማን ማንን እንደሚያውቅ፣ እንደሚወድ፣ እንደሚጠላ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በዚያ ቁጥር ይያያዛል። መሬቱ አምስት ቦታ ቢከፋፈልም መዝገቡ አንድ ነው። ስለዚህ ከዋናው ሰፈር ተነስቶ መሀል ከተማ አፓርታማ የገባ ልጅ እናቱን ሲደውልላት ስልኩ ይነሳል። ስትጋብዘው ደቂቃ ሳይቆይ በር ላይ ነው።

እኛ ቤት ይህ ነገር ቀልድ አልነበረም። ጌሙ የገባው ተገልብጦ በመጣ ዲስክ ሲሆን ኮምፒውተሩን የያዘችው ታላቅ እህቴ ነበረች። ዘመዱን በሙሉ፣ ከነጎረቤቱ፣ ሠርታ አስገብታ ነበር። አክስታችን ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስትሄድ ጌሙ ውስጥ ያለችውስ የት ትሂድ የሚል ጥያቄ ተነሳ። እህቴ ወንዝ ያለበት ካርታ ፈልጋ መሀል ከተማ አድርጋ ቀጠለችውና «ዋሽንግተን» አለችው። «ሌላ ሰፈር አድርገን እንክፈትላት» ሲላት ለነበረው የአጎታችን ልጅ የሰጠችው መልስ ትዝ ይለኛል፦ «እዚያ ከገባችማ እማዬን አታውቃትም።» ስለ ዳታቤዝ ሰምታ አታውቅም። ግን ነገሩ በትክክል ገብቷት ነበር። አክስቴ በጌሙ ውስጥ እሑድ እሑድ እየተጠራች፣ ያለ ቪዛ፣ በእግሯ እየመጣች እኛ ቤት ቁጭ ትል ነበር።

ይሁንና ቅጥያው ዋጋ አለው። የኩባንያው ንዑስ ሰፈር ባዶውን አይመጣም፣ ከነሰዉ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባም እንዲያ አይደል የተሠራችው? መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ከነሎሌያቸው፣ ከነወታደራቸው ሲሰፍሩ ነው ሰፈር ሰፈር የተባለው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር በሰው ስም፣ ሠራተኛ ሰፈር በሙያ። ጌሙም እንደዚያው ነው። መሀል ከተማውን ስትቀጥል በመንገድ የሚያልፉ፣ ቤት የሌላቸው፣ ስምና ባሕርይ ግን የተሰጣቸው ሰዎች ይጎርፋሉ። የራስህን ባዶ ካርታ ብታመጣ እንኳ ጌሙ ከራሱ ቀፎ ሰው ይሞላበታል። ያንኑ መሀል ከተማ ሁለት ጊዜ ከቀጠልክ ደግሞ ያው ሰው፣ በያው ስምና በያው ፊት፣ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አምስትና ስድስት ንዑስ ሰፈር የቀጠለ ተጫዋች መዝገቡ ውስጥ የማያውቃቸው መቶዎች ሰዎች ተከማችተው ያገኛል። አሌክሳንደር ያላት የ500 ሰው ሰፈር የምትሰበረው እዚህ ጋ ነው።

«እንግዲያው እናጥፋቸው» ማለት ይመጣል። ይህ ነው የጌሙ አስፈሪ ክፍል። ሲሞቹ ትዝታ አላቸው። የመጀመሪያ መሳሳም፣ የጎረቤት ሞት፣ የልጅ መወለድ በዝርዝር ይመዘገባል። ሐሜትም አለ፤ አንዱ ስለ አንዱ የሰማውን ለሦስተኛው ያወራል። ስለዚህ አንድ መንገደኛ፣ አንተ ስሙን የማታውቀው፣ በማታውቃቸው ሰዎች ትዝታ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፋይሉን ስታጠፋው ትዝታው አይጠፋም፤ ወደሌለ ቁጥር እያመለከተ ይቀራል። እኛ በሙያችን ተንጠልጣይ ማጣቀሻ የምንለው ነው። አንዱ ምንም አያደርግም፤ ሲበዛ ግን ሰፈሩ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ሰው የተሳሳተ ነገር ያስታውሳል፣ ቤት አልከፈት ይላል። በጌሙ ውስጥ ሞት ችግር አልነበረም። የሞተ ሰው መቃብሩም ቁጥሩም ስለሚቆይ መዝገቡ አይጎዳም። የሚጎዳው ጨርሶ እንዳልነበረ መደረግ ነው። የመቃብሩን ማሰሮ እንኳ ከሰፈር ማጥፋት አደገኛ መሆኑን ተጫዋቾች ሰፈር እየተበላሸባቸው ተማሩ።

መፍትሔውን የሠሩት ደመወዝ የሚከፈላቸው አልነበሩም። ሲምፒኢ የሚባል፣ ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ተሠርቶ የጌሙን ፋይሎች ከፍቶ ማየት ተቻለ። ከዚያ ሰዎች የንዑስ ሰፈሮቹን ናሙና ፋይሎች ሰው አልባ አድርገው አዘጋጁ፤ መንገደኛ እንዳይፈለፈል የሚከለክሉ ሞዶችም ወጡ። ከዚያ በኋላ ነው አሥር ንዑስ ሰፈር ቀጥሎ በሰላም መኖር የሚቻለው። ሰዓቱን ማስተካከል ግን ለተጫዋቹ ቀረ። በዚህ ጌም የማትጫወትበት ቤት ሰዓት ይቆማል። እዚህ ሕፃኑ ጎረምሳ ሆኖ ሲያገባ እዚያ ማዶ እኩያው ገና በዳይፐር ነው። ስለዚህ ሰዎች በሠንጠረዥ መዝግበው፣ ለየቤቱ እኩል ቀን እየሰጡ፣ በዙር መጫወት ጀመሩ። ለአንድ ከተማ ሲባል ይህን ሁሉ የሒሳብ ሥራ በደስታ የሚሠራ ሌላ የጌም ሕዝብ አላውቅም።

ኩባንያው በሚቀጥሉት ጌሞች ተራ በተራ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ወሰደ። በ2009 የወጣው «ዘ ሲምስ 3» ሰፈሩን በሙሉ አንድ ላይ አንቀሳቀሰ፤ ያለ መጠበቅ ከቤት ወጥተህ ሱቅ ትገባለህ፣ የጎረቤት ሰዓትም አብሮ ይሄዳል። የራስህን ዓለም መሥሪያ መሣሪያም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰጠ። ግን ወደ ሌላ ከተማ ከቀየርክ ከቤተሰብህ ውጭ ያሉ ወዳጆችህ ይቀራሉ፤ የእህቴ ዋሽንግተን እዚያ አትሠራም። በ2014 የመጣው «ዘ ሲምስ 4» ደግሞ ዓለሞቹን መልሶ አገናኘ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ፣ መደወል፣ መጋበዝ ይቻላል። ነገር ግን አዲስ ዓለም የሚጨምረው ኩባንያው ብቻ ነው፣ በአብዛኛው በሽያጭ። ተጫዋቹ ከቤቱ ግቢ ውጭ አንዲት ኮረብታ ማንሳት አይችልም። በበኩሌ ይህኛው ነው የባሰው እላለሁ፣ ብዙ ጓደኞቼ ባይስማሙም። ለዚህም ይመስለኛል በጃንዋሪ 2025 ሁለተኛው ጌም ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች ተስተካክሎ እንደገና ሲሸጥ ያ ሁሉ ሰው የተሻማው።

ወደ ቤላ ልመለስ። የጌሙ ወዳጆች ከንዑስ ሰፈር አልፈው ትልቁን ሥራ ሠሩ፦ ዋና ሰፈሮቹን ራሳቸውን በአንድ መዝገብ ማዋሐድ። ኡበርሁድ ይሉታል። ቀላል አይደለም፤ ሁለት መዝገብ ለየብቻው ከአንድ እየጀመረ ስለቆጠረ የሁለት ሰው ቁጥር ይጋጫል፣ ያንን ሁሉ እንደ አዲስ መቁጠር፣ ትዝታውንና ዝምድናውን ተከትሎ ማረም ይጠይቃል። ግን ሆነ። ፕሌዛንትቪውና ስትሬንጅታውን አንድ ስልክ ተጋሩ፣ ቤላም በሞርቲመር በር ላይ በእግሯ ማለፍ ቻለች።

የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ግን አሁንም የሚያመለክተው የፕሌዛንትቪውን ቤላ ነው፣ ያቺን የጠፋችውን። ከስትሬንጅታውን የመጣችው ሌላ ቁጥር አላት። ሞርቲመር ቢጠራት ትመጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው የዝምድና ነጥብ ዜሮ ስለሆነ መጀመሪያ ስሙን ነግሯት መተዋወቅ አለበት።