ከድረ ገጽ ልጫን ወይስ በአፕት? የሊኑክስ ታሪክ ምን ይላል

ሊኑክስ የጀመራችሁ ልጆች በውስጥ መስመር አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ቲቸር፣ ፕሮግራሙን ከድረ ገጽ ዳውንሎድ አድርጌ ልጫን ወይስ በአፕት?» ጥያቄው ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ይፋ ሲያደርግ የሰጠው ከርነሉን ብቻ ነው። ሌላውን ራስህ ፈልገህ ታመጣለህ። ፕሮግራሙ የሚገኘውም ባብዛኛው ኮዱ በአንድ ፋይል ታጭቆ ነበር። ትፈታዋለህ፣ ኮምፓይል ታደርገዋለህ፣ ከዚያ «ሜክ ኢንስቶል»። ፋይሎቹ በየፎልደሩ ይበተናሉ፤ የት የት እንደገቡ የሚመዘግብ የለም። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ማጥፋት ስትፈልግማ በቃ አታንሳው!

በ1993 ኢያን ሙርዶክ ዴቢያንን ጀመረ። (ስሙ የፍቅረኛው የዴብራና የራሱ ስም ተገጣጥሞ ነው።) ዴቢያን ዲፒኬጂን፣ ሬድ ሃት ደግሞ አርፒኤምን ይዘው መጡ። አሁን ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ በፓኬጅ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ፋይልም ይመዘገባል። ጣጣው ግን አላለቀም። አንዱን ልትጭን ስትል ሌላ ይጠይቅሃል፣ ያኛው ሦስተኛ ይጠይቃል፣ እንዲህ እያለ ቀኑ ይመሻል።

ይህን የፈታው አፕት ነው፤ በማርች 1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ወጣ። በአንድ ትእዛዝ ፕሮግራሙን ከነጓዙ ያመጣል፣ በሌላ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ አፕዴት ያደርጋል።

ለኔ ግን ትልቁ ነገር ምቾቱ አይደለም፣ ማህተሙ ነው። ከዴቢያን 4.0 (2007) ጀምሮ አፕት የሚያመጣው ፓኬጅ ከዴቢያን ለመምጣቱ ዲጂታል ፊርማውን ያጣራል። ማህተም የሌለው ትራንስክሪፕት ሬጅስትራር አይቀበልም አይደል? እንደዚያው ነው።

ድረ ገጽ ላይስ? ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የማውረጃ ሊንኩን ቀየሩት። የዚያን ቀን ሚንት 17.3 ሲናሞንን በዚያ ሊንክ ያወረደ ሰው የወሰደው የጓሮ በር የተከፈተበትን ኮፒ ነው። ገጹ እኮ ትክክለኛው ገጽ ነበር! ፋይሉን ግን ሰዎቹ ካወጡት የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ያያል።

ስለዚህ መልሴ መጀመሪያ አፕት የሚል ነው። እዚያ ከሌለ ብቻ ወደ ባለቤቱ ድረ ገጽ ሂዱ፣ ፊርማውን ወይም የማረጋገጫ ቁጥሩንም አጣሩ። በዚህ መንገድ የጫናችሁትን አፕት ብዙ ጊዜ አፕዴት አያደርግላችሁም፤ መከታተሉ የናንተ ስራ ነው።

አፕትስ ሙሉ በሙሉ ይታመናል ወይ? በ2024 ኤክስዜድ የሚባል የፋይል ማጨቂያ ውስጥ የጓሮ በር ተገኘ። ያስገባው «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በቅንነት የሚያግዝ መስሎ አመኔታ ያተረፈ ሰው ነው። 5.6.0 እና 5.6.1 ወጡ፣ የዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎችም ፈርመው አስገቧቸው። ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ነው፤ በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር አገኘው። ግማሽ ሰከንድ! «አሮጌ ቨርዥን ነው» እየተባለ የሚታማው የተረጋጋው ዴቢያን 12 ግን ያኔ ገና 5.4.1 ላይ ነበርና አልነካውም።