ገናን የተካፈሉ ሁለት አገሮች፦ ብሪታንያና ጀርመን በማዕድ ዙሪያ

ከማኅበራችን አባላት ከፊሎቻችን በብሪታንያ፣ ከፊሎቻችን በጀርመን እንኖራለን። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ቀን ሲውል አብዛኞቻችን ገና ጾመ ነቢያት ላይ ነን፤ ጎረቤት ዝይውን ሲጠብስ እኛ ሽሯችንን እናማስላለን። ይህ አንድ ጥቅም አለው። የሁለቱን አገሮች በዓል ከዳር ቆመን ለማስተያየት ጊዜ ይሰጠናል። ስናስተያየውም ለንደን ያለችው እኅታችን «ይህ የእንግሊዝ ነው» ያለችውን፣ ፍራንክፈርት ያለችው «የጀርመን ነው» ትለዋለች። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሁለቱ አገሮች የገና ማዕድና ልማድ እንዴት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደተሻገረ፣ ጦርነት ሲመጣ ምን እንደደረሰበትና እነማን እንደጠገኑት እንተርካለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዳቦውና ፑዲንጉ

ከምግቡ እንጀምር። የጀርመን ገና ሲነሣ ሽቶለን የተባለው፣ በዘቢብና በለውዝ የተሞላ፣ የስኳር ዱቄት የተነሰነሰበት ዳቦ አብሮ ይነሣል። በሽቶለን ስሟ የገነነው ከተማ ድሬስደን ናት፤ የገና ገበያዋ በ1434 የተጀመረ ነው። ሽቶለን መጀመሪያ የጾም ዳቦ ነበር። ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት በዚያ ዘመን የጾም ወቅት ስለነበሩ ቅቤ አይገባበትም፤ የሚጋገረው በዘይት ነበር። የሳክሶኒ መሳፍንት ለሮም አቤት ቢሉ፣ በ1491 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ቅቤ እንዲገባበት የሚፈቅድ ደብዳቤ ላኩላቸው። ይህም እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። ጾምና ፍስክን ለይታ ያደገች አንባቢያችን የዚህን ደብዳቤ ዋጋ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

በእንግሊዝ በኩል ደግሞ የገና ፑዲንግ አለ። ዘቢብ፣ የከብት ሞራ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ እንቁላልና ቅመማ ቅመም ተደባልቆ ለብዙ ሰዓት በእንፋሎት ይበስላል። እኛ ለበዓል ጠጁን አስቀድመን እንደምንጥለው ሁሉ፣ ፑዲንጉም ከበዓሉ አምስት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይሠራል። ከቤተሰቡ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ እየተመኘ ያማስለዋል፤ ሳንቲም ይጨመርበትና በድርሻው ያገኘ ሰው ዕድለኛ ይባላል።

ሁለቱ አገሮች «የገና ሽታ» የሚሉት የቀረፋና የቅርንፉድ ሽታ በሁለቱም አገር አይበቅልም፤ ከእስያ በመርከብ የመጣ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ማዕዳቸው ያለ ሌላ ሰው እጅ የተሟላ አልነበረም።

ዛፉ ባሕር ሲሻገር

የገናን ዛፍ ወደ እንግሊዝ ቤተ መንግሥት ያስገቡት ተድረው የመጡ ሴት ናቸው። ንግሥት ሻርሎት በሰሜን ጀርመን ከምትገኘው ከመክለንበርግ-ሽትሬሊትስ በ1761 ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ሲዳሩ ገና 17 ዓመታቸው ነበር። በአገራቸው በገና ጊዜ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማስጌጥ የተለመደ ነው። በ1800 ገና ንግሥቲቱ በዊንዘር ለልጆች ግብዣ አድርገው፣ በአዳራሹ መካከል ሙሉ ዛፍ አቆሙ። በቅርንጫፎቹ ላይ ጣፋጭ፣ ለውዝ፣ ዘቢብ፣ ፍራፍሬና መጫወቻ ተንጠለጠለ፤ ሻማም ተለኮሰበት። ልጆቹም ዛፉን ከዞሩ በኋላ የየድርሻቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ልማዱ ለብዙ ዓመታት ከመኳንንት ቤት አልወጣም ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ የጀርመኑን የኮቡርግ ልዑል አልበርትን በ1840 ካገቡ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1848 «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ንግሥቲቱ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚታዩበትን ሥዕል አወጣ። ሥዕሉን ያየች የቤት እመቤት ሁሉ ዛፍ አማራት። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ የገናን ዛፍ የውጭ ነገር ነው የሚል እንግሊዛዊ ማግኘት ከባድ ሆነ።

ልውውጡ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። በሥዕል ያጌጠ የገና ካርድ ታትሞ ለሽያጭ የቀረበው በ1843 በለንደን ነው፤ ያሳተሙትም ሄንሪ ኮል ናቸው። በኋላ ገበያው ሲሰፋ እንግሊዞች ከሚላላኳቸው ባለቀለም ካርዶች ብዙዎቹ በጀርመን ማተሚያ ቤቶች የታተሙ ነበሩ። በሌላ በኩል በሃምቡርግ ድሆች ልጆችን ሰብስበው ያሳድጉ የነበሩት ቄስ ዮሐን ሂንሪክ ቪከርን፣ ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ቢያስቸግሯቸው፣ በ1839 በጋሪ ጎማ ላይ ሻማዎች ደርድረው በየቀኑ አንድ እየለኮሱ ቀኑን አስቆጠሯቸው። ዛሬ በብሪታንያም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚታየው የአድቬንት የሻማ አክሊል የመጣው ከዚያ የድሆች ልጆች ቤት ነው።

ማዕዱ ሲሰበር

በነሐሴ 1914 ሁለቱ አገሮች ጦርነት ገጠሙ። በዚያው ዓመት የገና ዋዜማ በፍላንደርስ ግንባር የጀርመን ወታደሮች ከአገር ቤት የተላከላቸውን ትናንሽ ዛፎች በምሽጋቸው አፋፍ ላይ አቁመው ሻማ ለኮሱ፤ መዝሙርም ዘመሩ። በአንዳንድ ቦታዎች የሁለቱም ወገን ወታደሮች ከምሽግ ወጥተው ተገናኙ፤ ሙታናቸውን ቀበሩ፤ ትምባሆና ምግብ ተለዋወጡ። በሌሎች ቦታዎች ግን በዚያው ቀን ተኩሱ አላባራም። አዛዦችም እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም አዘዙ።

ይህ ታሪክ በየዓመቱ ይነገራል። በከተማው ውስጥ የሆነው ግን ብዙ አይነገርም። በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ከጀርመን የመጡ ብዙ ዳቦ ጋጋሪዎችና ሥጋ ሻጮች ነበሩ። በግንቦት 1915 ሉሲታኒያ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ከሰጠመች በኋላ ሕዝቡ በእነዚህ ሱቆች ላይ ተነሣ። ለዓመታት ዳቦ ሲገዙ የኖሩ ጎረቤቶች መስኮት ሰበሩ፤ ዕቃ ዘረፉ። ወንዶቹ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ። በዚያ ዘመን ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባች እንግሊዛዊት ዜግነቷን ታጣ ስለነበር፣ የጀርመናዊ ሚስቶች በተወለዱበት ከተማ የጠላት ወገን ተባሉ። ንጉሣዊው ቤተሰብ ራሱ በ1917 ከጀርመን የወረሰውን ስም ትቶ ዊንዘር ተባለ።

የገናው ደብዳቤ

በዚያ የመጀመሪያ የጦርነት ገና 101 እንግሊዛውያን ሴቶች በአንድ ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። አርቃቂዋ ኤሚሊ ሆብሃውስ ነበሩ፤ ፈራሚዎቹም ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ ናቸው። ደብዳቤው የተጻፈው ለጀርመንና ለኦስትሪያ ሴቶች ነው። ለእኅቶቻቸው የገና ሰላምታ አቅርበው፣ የጦርነት መከራ የሚበረታው በሴቶች፣ በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ መሆኑን አንሥተው፣ ለሰላም አብረው እንዲቆሙ ጠየቁ። በጥር 1915 «ዩስ ሱፍራጊ» በተባለው የሴቶች መጽሔት ታተመ። ከጥቂት ወራት በኋላ የ155 የጀርመንና የኦስትሪያ ሴቶች መልስ በዚያው መጽሔት ወጣ። በሚያዝያ 1915 ከ12 አገሮች የመጡ ከ1,000 በላይ ሴቶች በሆላንድ በሄግ ከተማ ለሰላም ተሰበሰቡ። የባሕሩ መንገድ ስለተዘጋ ከእንግሊዝ ሊሄዱ ካሰቡት ብዙ ሴቶች መካከል በጉባኤው የተገኙት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ከ101ዱ ፈራሚዎች አንዷን እኛ ኢትዮጵያውያን በሌላ ሥራቸው እናውቃቸዋለን። ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣልያ በተወረረች ጊዜ በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ መሥርተው ስለ እኛ የጮኹ፣ በኋላም ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባሰቡ፣ በ1956 አዲስ አበባ ገብተው በ1960 ሲያርፉ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩ ሴት ናቸው።

ደብዳቤው ጦርነቱን አላስቆመም። ወዳጅነቱን በሥራ ያስቀጠሉ ግን ነበሩ። በለንደን ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ለተቸገሩ ጀርመናውያንና ቤተሰቦቻቸው የርዳታ ኮሚቴ አቋቋሙ። በበርሊን ደግሞ ኤሊዛቤት ሮተን የተባሉ ሴት ተመሳሳይ ቢሮ መርተው በጀርመን የተያዙ እንግሊዛውያንን ይረዱ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በየአገራቸው ሰው «ከሃዲ» እየተባሉ ነው የሠሩት።

ረሃብና አምስት ፓውንድ

ብሪታንያ በጀርመን ላይ የጣለችው የባሕር እገዳና የድንች ምርት መበላሸት ተደምረው፣ የ1916/17 ክረምት ጀርመኖች እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠሩት የረሃብ ክረምት ሆነ። ለከብት መኖ ይውል የነበረ ሥራ ሥር ዳቦም፣ ወጥም፣ ማርመላታም ሆኖ ተበላ። ተኩስ በኅዳር 1918 ቢቆምም እገዳው እስከ ሐምሌ 1919 ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተነሣም።

በዚያን ጊዜ ኤግላንታይን ጄብ የተባሉ እንግሊዛዊት፣ የተራበ ኦስትሪያዊ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ወረቀት በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ሲያድሉ ተያዙ። ፍርድ ቤት ቀርበው አምስት ፓውንድ ተቀጡ። የከሰሷቸው ዐቃቤ ሕግ ግን ችሎቱ ሲያበቃ አምስት ፓውንዱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው። በግንቦት 1919 ጄብና እኅታቸው ዶርቲ በክስተን «ሴቭ ዘ ችልድረን»ን ለሕዝብ ይፋ አደረጉ። ስብሰባው የተደረገው በሮያል አልበርት አዳራሽ ነው፤ የገናን ዛፍ በእንግሊዝ ካስለመዱት ከዚያው ጀርመናዊ ልዑል ስሙን በወሰደው አዳራሽ። ዛሬ በአገራችን ስሙ የታወቀው ድርጅት የተጀመረው የጠላት ልጅ የሚባለውን ሕፃን ለማብላት ነበር።

የ1946 ገና

ሁለተኛው ጦርነት ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። ሲያበቃ በብሪታንያ በምርኮ የተያዙት ጀርመናውያን ወዲያው ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ በ1946 መጨረሻ እንኳ ከ300 ሺህ በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ በእርሻና በመንገድ ሥራ ተሰማርተው ነበር። ከሕዝቡ ጋር መቀራረብ ክልክል ነበር። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ክልከላው ላላ፤ ቤተሰቦች ምርኮኞችን ለገና መጋበዝ ተፈቀደላቸው። ብዙዎችም ጋበዙ።

ይህ ግብዣ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት ጓዳውን ማየት ያስፈልጋል። ሥጋ፣ ቅቤና ስኳር በራሽን ነበር። በጦርነቱ ዓመታት እንኳ በራሽን ያልነበረው ዳቦ ከሐምሌ 1946 ጀምሮ በራሽን ሆነ። ስለዚህ አንዲት እናት አንድ ምርኮኛ ጠርታ ስታበላ የምትሰጠው የተረፋትን አይደለም፤ ከልጆቿ ድርሻ ቆርሳ ነው። ከእነዚህ እናቶች መካከል ወንድም ወይም ባል ያጡ፣ ቤታቸው በቦምብ የፈረሰባቸው ነበሩ። ምርኮኞቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ከወዳደቀ እንጨት መጫወቻ እየጠረቡ ለልጆቹ ይዘው መጡ። ምርኮኞቹ ሲለቀቁ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑት በብሪታንያ ለመኖር መረጡ።

ዛሬስ?

ዛሬ በበርሚንግሃም ከተማ በክረምት የፍራንክፈርት የገና ገበያ ይቆማል። በ1997 ሲጀመር ሁለቱ ከተሞች ከ30 ዓመት በላይ እኅትማማች ነበሩ። ቋሊማውና በቅመም የሞቀው ወይን ከጀርመን ልማድ ነው፤ ተሰላፊው ግን የበርሚንግሃም ሰው ነው። በጀርመን ደግሞ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ብዙ ቤተሰብ ሳያየው የማያድር አንድ አጭር ቴሌቪዥን አለ፤ «የአንድ ሰው እራት» ይባላል። አሮጊት እመቤት በሞት ከተለዩ ወዳጆቻቸው ጋር እንዳሉ ቆጥረው ልደታቸውን ሲያከብሩ፣ አሽከራቸው በሁሉም ፈንታ እየጠጣ የሚሰክርበት ቀልድ ነው። ተዋንያኑ እንግሊዛውያን፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ የተቀረጸው ግን በ1963 በጀርመን ቴሌቪዥን ነው። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ይህን ታሪክ የጻፍነው ምግብ መካፈል ጦርነትን ያስቀራል ለማለት አይደለም። አያስቀርም። በአንድ ዛፍ ዙሪያ ያደጉ የአንድ ቤተሰብ ነገሥታት ተዋግተዋል፤ የጎረቤትን ዳቦ የበላ እጅ የጎረቤትን መስኮት ሰብሯል። ታሪኩ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። በጥጋብ ዘመን የተጋሩት ልማድ በአንድ ቀን ይካዳል። በችግር ጊዜ ከራስ ድርሻ ተቆርሶ የተሰጠው ግን እርቅ ሲመጣ መነሻ ይሆናል።

በማኅበራችን ውስጥ ወንድሞቻቸው በአንድ ጦርነት በተለያየ ወገን የተሰለፉ እኅቶች አብረው ይቀመጣሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙ ጊዜ ግን አናነሣውም። አንዷ ሐዘን ሲደርስባት ሌላዋ እንጀራና ወጥ ይዛ በሯን ታንኳኳለች፤ ወርኃዊ መዋጮው ሲከፈት ለማን ይድረስ ተብሎ የሚጠየቀው ማን የበለጠ ተቸግራለች ተብሎ ነው፤ ከየት መጣች ተብሎ አይደለም። ይህ ልማዳችን ቀላል መስሎ ከታየን፣ በ1946 የዳቦ ራሽኗን ለምርኮኛ የቆረሰችውን እናት እናስታውስ። ለደጋፊዎቻችንም የምንለው ይኸው ነው። የምትልኩልን ገንዘብ ጤፍና ዘይት ገዝቶ አያበቃም፤ እነዚህ እኅቶች በአንድ ማዕድ መቀመጣቸውን እንዳይተዉ ያግዛል።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ልደቱ ያድርሰን።