ባሕር ላይም ገደል አፋፍም፦ የሚበር ወፍ እንዴት ይቆጠራል?

ሰማይ ላይ የሚያንዣብቡ አሞራዎች ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አምስት ስትሉ አንዱ ከተራራው ጀርባ ይሰወራል። ተመልሶ ሲመጣ ስድስተኛ ነው ወይስ ያው የቅድሙ? ባለሙያዎች ይህን እንዴት እንደሚፈቱት እንንገራችሁ።

ባሕር ላይ

መርከቡ ቀጥ ባለ መስመር ይጓዛል። ቆጣሪው አብዛኛውን ጊዜ ከመርከቡ በአንድ በኩል እስከ 300 ሜትር ድረስ ያለውን ብቻ ይመዘግባል። የሚበሩትን ያለማቋረጥ ከቆጠረ ግን ቁጥሩ ያብጣል፤ ወፎቹ ከመርከቡ ይፈጥናሉና። ስለዚህ በየተወሰነ ደቂቃው፣ ልክ ፎቶ እንደማንሳት፣ በዚያች ቅጽበት ክልሉ ውስጥ ያሉትን ብቻ ይይዛል።

ሞቃታማ ውቅያኖስ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ለሰዓታት አንድም ወፍ ላይታይ ይችላል፤ ቱና ትናንሽ ዓሦችን ወደ ላይ ያባረረበት ቦታ ሲደረስ ግን መንጋው ይገኛል። በአንድ ቀን እይታ «ሞልተዋል» ወይም «የሉም» አይባልም።

እኛ ጋርስ?

ባሕር ባይኖረንም ጣጣው ያው ነው። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቀው፣ ድሮ ደንቆሮ ጫካ ይባል በነበረው የቦረና ሳይንት ፓርክ አካባቢ ጥንብ አንሳ ሳታዩ ልትውሉ ትችላላችሁ። አንድ በቅሎ ሲሞት ግን ከየት መጡ ሳይባል ይሰበሰባሉ። መፍትሔው በአንድ መንገድ፣ በአንድ ወቅት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ደጋግሞ መቁጠር፣ ስንት ብቻ ሳይሆን የት እንደታዩም መመዝገብ ነው።

ምን ይጠቅማል?

ሕንድ ውስጥ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥንብ አንሳዎች በጅምላ አለቁ። ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ በተባለ መድኃኒት የታከሙ ከብቶችን ሬሳ መብላታቸው ነበር። የአንዳንዱ ዝርያ ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ፤ ጥንቡን የወረሱት ውሾች ተራቡ። የጉዳቱ መጠን የታወቀው ቀድሞ በተቆጠረባቸው መንገዶች ተመልሶ ስለተቆጠረ ነው።

አፍሪካም አልተረፈችም። እ.ኤ.አ. በ2015 እኛ አገር ከሚገኙት ጥንብ አንሳዎች አራቱ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመደቡ። ዋነኛው ገዳይ መርዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአውሬ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረገው።

በስልካችሁ

ኢበርድ የተባለው ነጻ መተግበሪያ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይይዝላችኋል። የምታውቁት መንገድ ምረጡና በየወሩ ያያችሁትን የወፍ ዓይነት በሙሉ መዝግቡ። ያየነውን ሁሉ ስንመዘግብ ያላየነውም መረጃ ይሆናል። የዛሬ አስር ዓመት «ድሮ እዚህ ብዙ አሞራ ነበር» ስንባል፣ ስንት እንደነበር መመለስ የምንችለው ያኔ ነው።