ሁለት ዓይን፣ አንድ ዕይታ

የአገራችን የዓይን ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ብዕር አስቀድሞ የሚያቀናው ወደ ትራኮማና ወደ ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ በወለጋ ከመጽሐፍ ጋር የመጣ ሌላ የዓይን ጉዳይ አለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ተመልሰው በነጆና በነቀምቴ አስተማሩ። ትምህርት ቤት በተስፋፋ መጠን የቢላም ልጅ ዓይን ከመስኩ ርቀት ወደ ገጽ ቅርበት ዞረ።

ንባብ ሁለቱ ዓይኖች ተባብረው ወደ ውስጥ እንዲያቀኑ ይጠይቃል። ይህ ኃይል ሲደክም ፊደል ይደራረባል፤ ራስ ይታመማል። በስድስት ሜትር ሰንጠረዥ ግን ልጁ ጤነኛ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ኤሚል ዣቫል በ19ኛው መቶ ዓመት ሸውራራነትን በስቴሬዮስኮፕ ልምምድ አከሙ። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ221 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ ለ12 ሳምንት በባለሙያ ከተመሩት 73 በመቶው፣ በቤታቸው እርሳስ ወደ አፍንጫ በማቅረብ ከተለማመዱት 43 በመቶው፣ በማስመሰያ ልምምድ ከቆዩት ደግሞ 35 በመቶው ተሻላቸው። በ2019 የወጣው ተከታይ ጥናት ግን ልምምዱ የንባብ ችሎታን ከማስመሰያው አብልጦ እንዳላሳደገ አስረዳ።

እንግዲህ ለወላጅ የትምህርት ውጤት ተስፋ አንስጥ። ነገር ግን ልጁ ሰነፍ ከመባሉ በፊት አንድ እርሳስ ወደ አፍንጫው አቅርበን ዓይኖቹን እንመልከት።