ከሙሾ እስከ ሕይወት ታሪክ ንባብ

በቀብር ላይ የሟች ሕይወት ታሪክ ሲነበብ ከጥንት የመጣ ሥርዓት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ይፋጋችን በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለስ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ የሚያርፍባት የታወቀች ገበያ በነበረችበት ጊዜ፣ የሟች ታሪክ የሚነገረው በሙሾ ነበር። አልቃሿ ሟቹን በሕይወት እንዳለ ሰው «አንተ» እያለች ትጠራዋለች፤ ዘሩን ትቆጥራለች፤ ጀግንነቱንና ቸርነቱን ታነሳለች። ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል። ለትልቅ ሰውማ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ ይለቀስለት ነበር። ሙሾ ታዲያ ማመስገን ብቻ አልነበረም፤ በሽተኛውን ሳይጠይቅ የቀረ ዘመድ ካለ ሸንቆጥ ያደርገዋል። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተገጠመላቸው ሙሾ እስከ ዛሬ በቃል ይነገራል።

ካህናቱ ፊት መንጨትንና ከልክ ያለፈ ለቅሶን ይገሥጹ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ዕድር በአዲስ አበባ፣ ኋላም በሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ፣ ፊደል የቆጠረውም ሰው ሲበዛ፣ በአልቃሿ ፈንታ ወረቀት የያዘ ሰው ቆመ። የወረቀቱን ደንብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ፤ የዚህን ያህል ልጆች አባት ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ። ዘር መቁጠሩ ከሙሾ ጋር አንድ ነው፤ «አንተ» ግን «እሳቸው» ሆኗል።

በዚህ ለውጥ ያገኘነው አለ። ዱሮ ጥሩ አልቃሽ የምትቀርበው አቅም ላለው ቤት ነበር፤ ወረቀቱ ግን ለደሃውም ይነበባል፣ ዓመተ ምሕረትም ያስቀራል። ያጣነውም አለ። ስሙ ብቻ ተቀይሮ የሁሉም ታሪክ አንድ ዓይነት እየሆነ ነው። ይልቁንም እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ፈትለው፣ ጠምቀው፣ ነግደው፣ ጎረቤት አስታርቀው ሲያበቁ «የእገሌ እናት» ተብለው ያልፋሉ።

ሙሾው በቀድሞ ሁኔታው ይመለስ አንልም። ነገር ግን ታሪኩ የሚጻፈው በቀብሩ ዋዜማ፣ ልጆች በሐዘን ላይ ሳሉ በጥድፊያ መሆኑ ይቅር። እያንዳንዱ የዕድራችን አባል አባቱንና እናቱን በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ፤ ምን ሠሩ፣ ማንን ረዱ፣ በምን ሣቁ ብሎ ይጻፍ። ጊዜው ሲደርስ የሚነበበው ያን ጊዜ እውነትም የእሳቸው ታሪክ ይሆናል።